የአምስተኛው ሲምፎኒ ፍጻሜ፦ ደስታ ወይስ ትእዛዝ?

አንድ ሙዚቃ በሦስት ሰዎች መሪነት ሲቀረጽ ሦስት ታሪክ ይናገራል። ለዚህ የሩሲያዊው ዲሚትሪ ሾስታኮቪች አምስተኛ ሲምፎኒ ጥሩ ምስክር ነው። በፍጻሜው ጡሩምባና ከበሮ ድል ያበስራሉ። ግን የማን ድል? ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ቅጂዎቹን በስልካችን እያቀያየርን ስንሰማና ስንከራከር ከረምን። ነገሩ ስለ ሙዚቃ ብቻ አይደለምና ለአንባቢ ልናካፍል ወደድን። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው።)

መጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ። በ1936 መግቢያ ላይ ስታሊን የሾስታኮቪችን ኦፔራ አየ፤ በቀናት ውስጥ «ፕራቭዳ» ጋዜጣ አወገዘው። ሾስታኮቪች በዚያው ዓመት መጨረሻ አራተኛ ሲምፎኒውን ከልምምድ ላይ አነሳ። ያ ሥራ እስከ 1961 ድረስ በአደባባይ አልተሰማም። በ1937 ደግሞ ደጋፊው የነበረው ማርሻል ቱኻቼቭስኪ ተረሸነ። አምስተኛው ሲምፎኒ ኖቬምበር 21 ቀን 1937 በሌኒንግራድ፣ በየቭጌኒ ምራቪንስኪ መሪነት ቀረበ። በዝግተኛው ሦስተኛ ክፍል ሰዎች እንዳለቀሱ፣ በመጨረሻም ጭብጨባው ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደቆየ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ባለሥልጣኑም አመሰገነው፣ ሐዘንተኛውም ወደደው። እንዴት ሁለቱም?

ወደ ቅጂዎቹ እንለፍ። ሌናርድ በርንስታይን በ1959 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን ይዞ ሞስኮ ላይ ይህንኑ ሲምፎኒ ሲያቀርብ ሾስታኮቪች አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥቶም እጁን ጨበጠው። በዚያው ዓመት በቦስተን የተቀረጸው ሸክላ ፍጻሜውን ያስጋልበዋል። ድል አድርጎ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ይመስላል። ምራቪንስኪ ግን በ1984ቱ የሌኒንግራድ ቅጂ እርምጃውን ይገታዋል፤ ድሉ ይከብዳል። ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች በ1982 ከዋሽንግተኑ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸውም እንዲሁ ከባድ ነው። እሱ የሾስታኮቪች ወዳጅ ነበር፤ በ1974 ከአገሩ ወጥቶ በ1978 ዜግነቱን ተገፏል። ቫዮሊኖቹ አንዲቷን «ላ» ከ200 ጊዜ በላይ ሲደጋግሟት ምስማር የሚመታ ይመስላል።

የትኛው ትክክል ነው? ኖታው ራሱ አይፈርድም፤ የፍጻሜው የፍጥነት ምልክት በአንዱ እትም ከሌላው እጥፍ ያህል ይፈጥናልና።

ሰምና ወርቅ ላሳደገው ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ግማሾቹ ሰሙ ድል፣ ወርቁ ለቅሶ ነው ይላሉ። በ1979 ሰሎሞን ቮልኮቭ ያሳተመው «ምስክርነት» የተባለው መጽሐፍም ደስታው የግድ ነው ባይ ነው፤ የመጽሐፉ እውነተኛነት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ሰሙ ቅርጽ ካልያዘ ወርቁ የት ይፈሳል እንላለን። የበርንስታይን ደስታም እኮ ውሸት አይደለም።

ክርክሩ ወደ አገራችን ያመጣናል። ከአድዋ ድል በኋላ ዛር ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልኮ ነበር። ያ ድል የእውነት ድል ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍ ሲከበርስ? በዚያው ሰሞን በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። አደባባይ የወጣው ሁሉ ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ያመነም፣ የፈራም፣ ቀበሌ ጠርቶት የመጣም ነበረበት። ጭብጨባው ግን አንድ ድምፅ ነው። ሸክላ ላይ ቢቀረጽ አይለይም።

ታዲያ በምን እንለየው? ከፍጻሜው በፊት በመጣው ነው እንላለን። በሰበታም ሆነ በቡራዩ ታክሲ ውስጥ ሦስተኛው ክፍል አይሰማም፤ ሞተሩና የረዳቱ ጥሪ ይውጠዋል፣ የሚተርፈው የፍጻሜው ጡሩምባ ብቻ ነው። ማታ፣ ሱሉልታ ጸጥ ሲል የሰማነው ጊዜ ግን አንድ ነገር አስተዋልን፦ በዚያ ክፍል ጡሩምባ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም። ሾስታኮቪች ነሐሱን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ሰዉ እንዲያለቅስ ጊዜ ሰጥቷል። ይህን የሰማ፣ ፍጻሜው ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ ከድሉ በፊት ማን እንደሞተ አይረሳም።

እስቲ እናንተም ሦስቱን ቅጂዎች እያቀያየራችሁ ስሙና ፍረዱ፤ ከሦስተኛው ክፍል ግን ጀምሩ።