ዳንግዱት

ዳንግዱት በኢንዶኔዥያ እጅግ ተወዳጅ ከሆኑት የሙዚቃ ስልቶች አንዱ ነው። ስሙ የወጣው ጌንዳንግ ከሚባለው ጥንድ ከበሮ ድምፅ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በጃካርታ ይጫወቱ የነበሩት የማላይ ኦርኬስትራዎች ሲሆኑ፣ የሕንድ ፊልም ዜማና የዓረብ ሙዚቃ ቅላጼ ታክሎበታል። የቀርከሃ ዋሽንትም አይለየውም።

ስልቱን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያቆመው ሮማ ኢራማ ነው። በ1946 በምዕራብ ጃቫ፣ ታሲክማላያ የተወለደው ይህ ድምፃዊ ሶኔታ የተባለውን ባንድ መሥርቶ፣ ከእንግሊዙ ባንድ ዲፕ ፐርፕል የቀሰመውን የሮክ ጊታር ከጌንዳንግ ጋር አዋሃደ። ግጥሞቹ ከፍቅር አልፈው የድሃውን ኑሮ፣ ሙስናንና እስላማዊ ሥነ ምግባርን ያነሣሉ። በ1977ቱ ምርጫ ለእስላማዊው የተባበሩት ልማት ፓርቲ በመቀስቀሱ በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ዘመን ከመንግሥት ቴሌቪዥን ለዓመታት ታገደ። ካሴቶቹ ግን እንደ ጉድ ይቸበቸቡ ነበር።

የተማረው ከተሜ ዳንግዱትን «የባላገር ሙዚቃ» እያለ ሲያጣጥለው ኖሯል፤ ፍርደ ገምድልነት ነበር። የዚህን ሙዚቃ ነፍስ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ መንደር ሠርግና የግርዛት ድግስ መሄድ አለበት። ጭፈራው ሲሞቅ ታዳሚው መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከዘፋኟ ፊት ለፊት እየተውረገረገ የሩፒያ ኖቶችን አንድ በአንድ ይሸልማታል። ሳዌራን የሚባለው ይህ ልማድ ለዘፋኞች ዋነኛ የገቢ ምንጭ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ነበር የምሥራቅ ጃቫዋ ኢኑል ዳራቲስታ የተገኘችው። ያለ ፈቃድ የተባዙ ቪሲዲዎች ዝናዋን በየቦታው አዳረሱት። በ2003 ወገቧን እንደ መሰርሰሪያ እያሾረች የምትጨፍረው ጭፈራ አገር አነጋገረ። ሮማ ኢራማ ራሱ አወገዛት፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንትና የእስልምና ሊቅ አብዱራህማን ዋሂድ ደግሞ ጥብቅና ቆሙላት። በሴት ልጅ አካልና በአደባባይ ጨዋነት ላይ የተነሣው ይህ ሙግት በ2008 የጸደቀው የፀረ ፖርኖግራፊ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ዘልቋል።

ከዚያ ወዲህ ኮፕሎ የሚባለው ፈጣን የምሥራቅ ጃቫ ምት ገነነ። የኮፕሎዋ ኮከብ ቪያ ቫለን በ2018 ጃካርታና ፓለምባንግ ያስተናገዱትን የእስያ ጨዋታዎች መሪ ዜማ ዘፍናለች። ነሐሴ 17 ቀን 2022 ደግሞ በነፃነት በዓል ላይ ከባንዩዋንጊ የመጣ የ12 ዓመት ልጅ በፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ በኮፕሎ ምት ሲያዜም ሚኒስትሮቹ ተነሥተው ጨፈሩ።