ጥናቱን ይስጣችሁ

ወሎ ውስጥ፣ ቦሩ ሜዳ ለቅሶ ቤት ስገባ ጆሮዬ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። ክርስቲያኑ «እግዜር ጥናቱን ይስጣችሁ» ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ተከትሎት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብሎ አረፍ ይላል። ልጅ ሳለሁ ጥናት የማውቀው በደብተር ነበርና አያቴን «ሐዘንተኛ ምን ያጠናል?» አልኳት። «እንዳይወድቅ ነዋ ልጄ» አለችኝ።

መልሷ ልክ እንደ ነበር የገባኝ ግእዝ ስማር ነው። ሥሩ «ጸንዐ» ነው፤ በረታ፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም ማለት። ጸሎትን ጠሎት፣ ፀሐይን ጠሐይ የሚል አፋችን ጽናትንም ጥናት አደረገው። የቆሎ ተማሪ ሲያጠናም ቃሉን እንዳይነቀል አድርጎ በልቡ መትከሉ ነው። ይኸው ቃል ደግሞ ለደዌም ይሆናል። «ሕመሙ ጸናበት» እንላለን፤ ሐኪም ቤትም «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» አለ። በሽታውም ይጸናል፣ በሽተኛውም ይጸናል። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚታገሉ ለሰፈራችን ሰው መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም።

ቃሉ እጅግ የሚከብደኝ ግን 1870 ዓ.ም.ን ሳስብ ነው። ያን ዓመት አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን እዚሁ ሜዳ ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት አከራከሩ። «ካራ» የሚባሉት ሁለት ልደት ባዮች ረቱ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ከዚያ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ከወሎ ገዦች ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከሕዝቡ የተሰደደ ተሰደደ። ከሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ጋር ጦር ያነሣም ነበረ። ሌላው ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት ሰገደ።

ጉባኤው ሃይማኖትን ለማጽናት የተጠራ ነው። እኔ ግን ጸና የምለው፣ ልጆቹ እንኳ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰገደውን ገበሬ ነው። የረታውማ ከኋላው ሠራዊት ነበረው። ያ ገበሬ ግን «ጸንዐ» የሚለው ቃል ከሚጠይቀው፣ ከአለመነቃነቅ በቀር ሌላ አልነበረውም።

የአያቴ አባት የክርስትና ስም ነበራቸው፤ የአባታቸው አባት ደግሞ ዓሊ ይባሉ ነበር። አያቴን የቀበርን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ጥናቱንም ሶብሩንም ሲመኙልን ዋሉ። ለአንዱ «አሜን»፣ ለሌላው «አሚን» እያልኩ እስከ ሠልስቷ ተቀመጥኩ።