የቡሬ ገጠር ሕፃናትና የትምህርት ጊዜያቸው

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት የቡሬ ገጠር ሕፃን ትምህርት የሚለካው በዓመት ሳይሆን በመጽሐፍ ነበር። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ለይቶ፣ የዮሐንስን መልእክት በግእዝ ንባብ ይጀምርና በውርድና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው በግእዝ ስለነበረ ትርጉሙ አይገባውም፤ ይህ የማይካድ ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ ከብት ጠብቆ፣ አውድማ ውሎ ሲመለስ የኔታ ካቆመበት ገጽ ያስቀጥሉት ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ቀኑን በደወል ከፋፈለው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው የገበሬ ልጅ ሒሳቡም ሳይንሱም በአፍ መፍቻው ቀረበለት። (የጎረቤቱ የአገው ልጅ ግን የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጠበቅ ነበረበት።) ከዚሁ ፖሊሲ በኋላ በታችኞቹ ክፍሎች የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ጥናት በአካባቢ ሳይንስ ተዋሕደው፣ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ተደረገ። ስለ አፈር፣ ስለ ዝናብና ስለ ቤት እንስሳት ሲነገር የቡሬ ሕፃን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከመጽሐፉ የሚበልጥ የሚያውቅበትም ጊዜ አለ።

ችግሩ ከጊዜው ላይ ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መስከረም ተጀምሮ ጥር ላይ ሲያልቅ፣ የአጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ መካከሉ ላይ ይወድቃሉ። በዚያ ሰሞን የቀረ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሲመለስ ጓደኞቹ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከመደመር ወደ መቀነስ አልፈዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ፈተና ማዛወር የመጣው መድገምን ለማስቀረት በበጎ አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ያላነበበውም ልጅ ካነበበው ጋር እኩል ተዛውሮ አራተኛ ክፍል ደረሰ።