የገል ኮረብታ፦ የሸክላ ስባሪ በግንባታ ታሪክ ውስጥ



በሮም ከተማ ቴስታቾ የሚባል ኮረብታ አለ። ቁመቱ 35 ሜትር ገደማ ነው፤ ሆኖም የሰው እጅ የከመረው ነው። በጥንቱ ዘመን ዘይት የተጫነባቸው እንስራዎች ተሰባብረው የተቆለሉበት የገል ክምር ነው። ሮማውያን በገል መገንባትን የሚያውቁ ሕዝብ ሆነው ሳለ፣ ይህን ሁሉ ስለ ምን ጣሉት?

እውቀቱ እንደነበራቸው አያጠራጥርም። ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የሥነ ሕንጻ መጽሐፍ፣ አሸዋው የወንዝ ወይም የባሕር ከሆነ ተፈጭቶ የተነፋ ገል አንድ ሦስተኛ እጅ እንዲጨመርበት መክሯል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው፤ በመጠነኛ እሳት የተተኮሰ ሸክላ ሲደቅ ከኖራና ከውኃ ጋር ይዋሐድና ውኃ የማይበግረው ማጣበቂያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 በቁስጥንጥንያ የታነጸችው ሐጊያ ሶፊያም የተያያዘችው የጡብ ስባሪ በተቀላቀለበት ኖራ ነው።

የቴስታቾ እንስራዎች ግን ዘይት ጠጥተዋል። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ ዘይቱ ከኖራ ጋር ስለማይስማማ ተለይተው ተጣሉ። እንግዲህ ጥንታውያኑ ገልን ከገል ይለዩ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን ለፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፣ የገል ዱቄት ከአውሮፓ ግንባታ እየራቀ ሄደ። መልሶ ያስታወሰው ችግር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመናውያን የፈረሱ ከተሞቻቸውን ጡብ ፈጭተው በጠጠር ፈንታ ኮንክሪት ሠሩበት።

ዛሬ የሚያስገድደን ሌላ ነው። ሲሚንቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይመረታል፤ የኖራ ድንጋዩም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከዚህ ኢንዱስትሪ ይወጣል።

ታዲያ የሴራሚክ ፋብሪካ ስባሪ ሁሉ አንድ ነውን? አይደለም። በመጠነኛ ሙቀት የተተኮሰ የጡብና የጣሪያ ሸክላ ዱቄት የሲሚንቶን ከፊል ድርሻ ሊተካ ይችላል። ከ1,200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰው የመታጠቢያ ገንዳ ስባሪ ግን ከኖራ ጋር የመዋሐድ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚስማማው በጠጠርና በአሸዋ ቦታ ነው። ጠጠርን መተካት ተራራን ከመቆፈር ያድናል፤ ልቀትን በብርቱ የሚቀንሰው ግን ሲሚንቶን መተካት ነው። ይህን ልዩነት ሳያጤን «ቆሻሻን ወደ ሕንጻ» የሚል እቅድ፣ ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የደረሱበትን ማስተዋል ገና አልደረሰበትም።