«በየትኛው ጆሮ ልስማ?»

ባለፈው ክረምት፣ የጮቄ ብርድ ደብረ ማርቆስ ድረስ ወርዶ በር በሚያንኳኳበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ዋሽንተኛ ከአማኑኤል ወገን ለገበያ መጥተው ወደ አንድ ወዳጄ ቤት ጎራ አሉ። ወዳጄ ሙዚቃ ያቀናብራል። ስቱዲዮ የሚለው ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ክፍል ነው። እኔ ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና፣ አንዱን ግጥሜን በዋሽንት ላሳጅበው ተመኝቼ በዚያ ነበርኩ። የሽማግሌው ዕድሜ ከሰባ አልፏል። አራት ዋሽንት በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ይዘዋል። እስከዚያች ቀን ድረስ ትንፋሻቸውን ያስቀረ አንድም ካሴት አልነበረም።

ወዳጄ ላፕቶፑን ከፈተ፤ የሙዚቃ ሶፍትዌሩ ብቅ አለና የድምፅ መሣሪያ እንዳጣ ገልጾ «ይምረጡ» አለ። ተመረጠለት። ሽማግሌው መንፋት እንደ ጀመሩ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷልና እርሱም አብሮ ሄደ፤ የተቀረጸው ሁሉ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ሶፍትዌሩ ያንኑ ጥያቄ ደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ሽማግሌው ዋሽንታቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ።

«ምን ይላል ይሄ?»

«በየትኛው ጆሮ ልስማ፣ በየትኛው አፍ ልናገር ነው የሚለው አባባ።»

«ቅድም አልነገርኸውም እንዴ?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህች የሽማግሌው ጥያቄ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣችኝ። እውነትም፣ የተነገረውን የሚረሳ ዕቃ እንዴት ተፈጠረ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረስኩ።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጸው ልከው ነበር። ከተሰማ በኋላም ጥቅሉ እንዲደመሰስ ተነገረ። በዓመቱ ከኢትዮጵያ በኩል በተራው የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ተቀርጾ ወደ ለንደን ሄደ፤ ይህኛው ግን አልተደመሰሰም። ልብ በሉ፤ በዚያን ዘመን የፎኖግራፍ ቀንዱ አንድ ነው። መርፌው ይቀየር ይሆናል እንጂ፣ በዚያው ቀንድ ይነገራል፤ ከዚያው ቀንድ ይሰማል። ጆሮና አፉ አንድ የሆነ ዕቃ «በየትኛው» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ለመኪና ትምህርት ወደ ጀርመን የተላኩት፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ በርሊን ውስጥ መሰንቋቸውንና ግጥማቸውን በሸክላ ያስቀሩትም በዚሁ የቀንድ ዘመን ነው።

ጆሮና አፍ የተለያዩት እ.ኤ.አ. ከ1925 ወዲህ፣ ቀረጻ በኤሌክትሪክ ሲሆን ነው። ማይክሮፎኑ ሰሚ፣ ስፒከሩ ተናጋሪ ሆነ፤ በመካከላቸው ሽቦና መሐንዲስ ገባ። ያን ጊዜ ጥያቄው ተወለደ፤ ግን የሚመልሰው ባለሙያው ነበርና ዘፋኙ አይሰማውም። ዐምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ብቸኛ ባለመብትነትን ጥሰው የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ፣ ባንዱ በአንድነት ይጫወታል፤ ገመዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው፤ ሸክላው ደግሞ የሚታተመው ባሕር ማዶ ነው። ድምፃችን እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የሰው ዕቃ እየተዋሰ ነው የተጓዘው።

የአንድ ሰው ስቱዲዮ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ሆነው አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር እያነባበሩ፣ ብቻቸውን ባንድ ሆነው አንድ ካሴት አወጡ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። ወዳጄ በብርድ ልብስ በተሸፈነው ክፍል የሚሠራው፣ በመጠን ቢያንስም፣ ያንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ዛሬ ማነባበሪያው በሙሉ ላፕቶፕ ውስጥ መግባቱ ነው።

ላፕቶፕ ግን ለሙዚቃ አልተፈጠረም። የቢሮ ዕቃ ነው፤ ይህን የምለው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ስለምውል ነው። ዊንዶውስ ልዩ ልዩ ድምፆችን ሰብስቦ፣ ቀላቅሎ፣ ጥቂት ዘግይቶ ያወጣ ነበር፤ ለማስጠንቀቂያ ደወል ይበቃል፤ ራሱን እየሰማ ለሚጫወት ሰው ግን ያች ጥቂት መዘግየት መርዝ ናት። ስለዚህ የሐምቡርጉ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 አዚዮ የተባለውን አቋራጭ መንገድ አወጣ፤ ሶፍትዌሩ ቀላቃዩን አልፎ ከሳውንድ ካርዱ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ዛሬ ኤፍኤል ስቱዲዮ የምንለው ሶፍትዌርም በዚያው ዓመት ቤልጂግ ውስጥ ተወለደ። አቋራጩ ፈጣን ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይይዘዋል፤ ሌላው ቀድሞ ከያዘው ሶፍትዌሩ «አጣሁት» ብሎ ይጠይቃል።

የመርሳቱ ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ እርሱም የእኔን ሥራ ይመስላል። ባንክ የመጣን ደንበኛ በሒሳብ ቁጥሩ እናውቀዋለን፤ የትኛውም ወንበር ላይ ቢቀመጥ ያው ሰው ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃም የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ዊንዶውስ እንዲሁ ያውቀዋል። ቁጥር የሌለውን ርካሽ ሳውንድ ካርድ ግን የሚያውቀው በተሰካበት ቀዳዳ ነው፤ በወንበሩ እንደ ማለት። ወንበር ከቀየረ አዲስ እንግዳ ነው! ወዳጄ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ሲመለስ ኃይሉ ዕቃ እንዳያቃጥልበት ፈርቶ ሁሉንም ገመድ ይነቅላል፤ ሲመለስ እጁ ወደ ደረሰበት ቀዳዳ ይሰካል። በዚያ ላይ ብዙ ሶፍትዌር ምርጫውን የሚያስቀምጠው በወግ ሲዘጋ ነው፤ በመብራት የሞተ ሶፍትዌር ኑዛዜ አይተውም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። በዚያች ቀን ወዳጄ ለሦስተኛ ጊዜ መርጦለት፣ አራት ደቂቃ ያህል ያለ መቋረጥ ተቀረጸ። ደስ አለን። መልሰን ለመስማት ከፈትነው፤ ሶፍትዌሩ አሁንም ጠየቀ፣ ወዳጄም ተሰላችቶ የላፕቶፑን የራሱን ስፒከር መረጠ። ዋሽንቱ ወጣ። እኔ ጥሩ ነው ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ይህች የኔ አይደለችም።»

«እርስዎ የነፏት እኮ ናት አባባ።»

«እኔ የነፋሁት ረጅሟን ነው። ይህች አጭሯ ናት።»

ጥቅላቸውን ፈትተው አጭሯን አወጡና ከስፒከሩ ጋር አብረው ነፏት፤ ገጠመች ማለት ይቻላል። ወዳጄ ደንግጦ ቅንብሩን ቢያይ፣ ዋሽንቱ የተቀረጸው በሰከንድ 44,100 ናሙና ነው፤ የላፕቶፑ ስፒከር የሚያወጣው ግን በ48,000 ነው። ስልሳ ሰከንዱ በሃምሳ አምስት ገደማ አለቀ፤ ድምፁም ከግማሽ ድምፅ ርቀት በላይ ቀጠነ። ሽማግሌው ቁጥር ሳይቆጥሩ የሰሙት ይህን ነበር።

ስለ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጥቂት ልበል፤ ታሪካቸው ደስ ይላል። ከቀደምቱ ዲጂታል ቀረጻዎች ብዙዎቹ የተቀመጡት በቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር። በአንድ የምስል መስመር ሦስት ናሙና፣ በ245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፤ አባዙት፣ 44,100 ይመጣል። የአውሮፓው ቴሌቪዥን በ294 መስመርና በ50 ቢያሰላውም ያው 44,100 ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሲዲም ወረሰው። የፊልምና የቴሌቪዥን ሰዎች ግን 48,000ን መረጡ። እንግዲህ የአማኑኤሉ ዋሽንት የቀጠነው፣ እርሱን ባላወቁ ሁለት ሠፈሮች አለመስማማት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚያስቅና የሚያስቆጭ ነገር ብዙ አላውቅም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሳውንድ ካርዱ ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ብቻ፣ ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ይሰካል። በዊንዶውስም በሶፍትዌሩም 44,100 ይደረጋል። ድምፅ የያዘ ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋል። ከተመረጠ በኋላ ሶፍትዌሩ አንድ ጊዜ በወግ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ምርጫው የሚጸናው ያኔ ነው። የድሮ ዩፒኤስም ተገዛ፤ ወዳጄ ገንዘቡን አልመለሰልኝም፤ ይቅር።

በዚያች ቀን ወዳጄ ቁጥሩን ሲያስተካክል ረጅሟ ዋሽንት በራሷ ድምፅ ተመለሰች። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ሰሟት። ከዚያ ሚኒባሱ ሳያመልጣቸው ነጠላቸውን ጠቅልለው ተነሡ። የቀሩትን ሦስቱን ዋሽንቶች በኅዳር፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ መጥተው ሊነፉልን ቃል ገብተዋል። ከግራ ሁለተኛዋን ቀዳዳ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገንባታል፤ ፍላሽ እንኳ አይሰካባትም።