ሶፋው፣ ገመዱና ሁለት ተጫዋቾች

ባለፈው ክረምት ልጄ ኮምፒውተሩን ከመኝታ ቤቱ አውጥቶ በረጅም ገመድ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። የዜና ሰዓቴ ሊነጠቅ ነው ብዬ ፊቴን አጨፈገግሁ። እሱ ግን ምንም ሳይል ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና የእኛ ሰፈር ልጆች “ጆይስቲክ” የሚሉትን መጫወቻ እጄ ላይ አኖረው። በኳስ ጨዋታ ሰባት ለባዶ ተሸነፍሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲጫወት የኖረ ልጅ ያን ማታ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማገላበጥ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1962 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ፒዲፒ-1 በተባለ፣ ዋጋው 120 ሺህ ዶላር በሆነ ኮምፒውተር ላይ “ስፔስዎር” የተሰኘ የሁለት መንኮራኩሮች ፍልሚያ ሠሩ። መንኮራኩሮቹ የሚታዘዙት ኮምፒውተሩ ፊት ላይ በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። ሲነካኩ ሲያመሹ ክርናቸው አስቸገራቸው። ስለዚህ አላን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ ከተማሪዎቹ የአሻንጉሊት ባቡር ክበብ ቁርጥራጭ ዕቃ ለቃቅመው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንዳንድ ትንሽ ሣጥን ሠሩ። ዛሬ በመዳፋችን የምንይዘው ዕቃ የተወለደው፣ እንግዲህ፣ ከታመመ ክርን ነው።

ሳሎን ያስገባው ግን ሌላ ሰው ነው። ራልፍ ቤየር በ1922 ጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ናዚዎችን ሸሽቶ በ1938 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። የቴሌቪዥን ምሕንድስና ተምሮ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ለጦር ኃይል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሠራው ሳንደርስ ኩባንያ ተቀጠረ። በነሐሴ 1966 ኒው ዮርክ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቅ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ በየቤቱ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ከተላከለት ሌላ የማያሳይ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ቢያዝዘውስ? በማግስቱ ሐሳቡን በአራት ገጽ አሰፈረ። ከቢል ሃሪሰንና ከቢል ረሽ ጋር ሆኖም የእንጨት መልክ ባለው ልጣፍ የተሸፈነውን “ቡናማ ሣጥን” ሠራ።

ማግናቮክስ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ይህንኑ “ኦዲሴይ” ብሎ በ1972፣ በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበው። ድምፅ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ሜዳውን ለማስመሰል ሥዕል ያለበት ፕላስቲክ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ነጥብ አለመቁጠሩ ነው። የሚያስብ አካል ስለሌለው ተጋጣሚም ዳኛም መሆን አይችልም። አብዛኛው ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ያገባውንና የሳተውን የሚያውቁት ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ናቸው፤ ካልተማመኑ ጨዋታ የለም። በዚህ በኩል ከእኛ ገበጣ ብዙም አይርቅም።

ኖላን ቡሽኔል በግንቦት 1972 ካሊፎርኒያ ላይ ኦዲሴይን ሲታይ አየ። በዚያው ዓመት የእሱ ኩባንያ አታሪ፣ በአላን አልኮርን እጅ የተሠራውን “ፖንግ” አወጣ፤ ስሙም ገነነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና አታሪ በ1976 ለመክፈል ተስማማ። ቤየር ከአሜሪካ መንግሥት የቴክኖሎጂ ሜዳልያ የተሸለመው በ2006፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ2014 ዐረፈ።

ጥቁር አሜሪካዊው ጄሪ ላውሰን የመራው የፌርቻይልድ ቡድን ደግሞ በ1976 “ቻናል ኤፍ”ን ሠራ። በካሴት መልክ ጨዋታ መቀያየር የመጣው ከእሱ ጋር ነው፤ ማሽኑም ራሱ ተጋጣሚ መሆን ቻለ። ብቻን መጫወት፣ በጎም ይሁን ክፉ፣ ከዚህ ወዲህ በረታ። አውራ ጣት የሚያርፍባትን የመስቀል ቅርጽ መጫኛ በ1982 ያመጣው የኒንቴንዶው ጉንፔይ ዮኮይ ነው።

ኮምፒውተሩስ? እሱ ከጠረጴዛ አልወርድም ብሎ ቆየ። ምክንያት ነበረው። ማውስ እጅ በሄደበት ልክ ይሄዳል፤ የአውራ ጣት ዘንግ ግን አቅጣጫና ፍጥነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ዒላማ ላይ ቶሎ ማረፍ ያስቸግራል። ለቅርብ ዓይን የተጻፈ ፊደልም ከሶፋ ላይ አይነበብም። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2012 ፊደሉን ለሳሎን አጎላው፤ በ2015 ደግሞ ጣት የሚንሸራተትባቸው ሁለት ክብ ገበታዎች ያሉት መጫወቻ አወጣ። ብልህ ሐሳብ ነበር፤ እጅ ግን የለመደውን አይተውምና በ2019 የተረፈው በአምስት ዶላር ተቸበቸበ። ገበታዎቹ እንኳ ፈጽሞ አልጠፉም፤ በ2022 ኩባንያው ባወጣው በእጅ በሚያዝ ኮምፒውተር ላይ ተመልሰው መጡ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጄ አሥር ዓመት ሳይሞላው ከሰፈራችን የፕሌይስቴሽን ቤት በጆሮው ጎትቼ አውጥቼዋለሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ ነበር፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተረኛ ይተካል፤ ጭቅጭቁ ደጅ ድረስ ይሰማል። “ቤትህ ሆነህ ተጫወት” ብዬ ኮምፒውተሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁት እኔው መሆኔ ነው።

አንድ ቀን ይህንኑ ነገርሁት። “ያኔ እኮ እየመራሁ ነበር” አለኝ።

ትናንት ማታ ሦስት ለሁለት ተሸነፍሁ። ሁለተኛዋን ጎል ሆን ብሎ ሳይለቅልኝ አልቀረም፤ ብጠይቀው ይምላል።