የቴዎድሮስ ሹሩባና የዲዝሬሊ ቁንጮ

አጼ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ቋራ የተወለዱት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት ንጉሥ መልካቸው ለተከታዩ ትውልድ የደረሰው በአብዛኛው በባዕድ እጅ ነው። ያ እጅ አልፎ አልፎ አድንቋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አላግጧል።

ደረስጌ ለሥዕል እንግዳ አልነበረችም። ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ሲሆኑ፣ በሥራው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐርና ያገሩ ልጅ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ነበሩበት። ውቤ ሊነግሡባት ያሳነጿት ደብር ድል ላደረጓቸው ለካሳ፣ ማለትም ለኋላው ቴዎድሮስ፣ የዘውድ መጫኛ ሆነች። ዛንደርም ውሎ አድሮ ለአዲሱ ንጉሥ አደረ።

በጎንደር የሥዕል ልማድ የንጉሥን መልክ ቁርጥ አድርጎ ማስቀረት ግዴታ አልነበረም። ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ማንነታቸውን የሚናገረው ከፊታቸው ይልቅ ልብሳቸውና አጠገባቸው የተጻፈው ስም ነው። ነቀፌታም የራሱ ሕግ ነበረው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ይዞ ወደ ተመልካቹ ይዞራል፤ ሰይጣንና የክርስቶስ ጠላት ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርላቸዋል። በኋላ የዓድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎች ጣሊያኖቹን በዚሁ ሕግ ቀጥተዋቸዋል።

ለንደን የሚቀጣው በሌላ መንገድ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄምስ ጊልሬይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒትን እንደ ሸምበቆ ያቀጥነዋል፤ ተቀናቃኙን ፎክስን ደግሞ ያወፍረውና ቅንድቡን ያጎፍረዋል። ሥዕሉ መዳብ ላይ ተቀርጾ ይታተማል፣ በእጅ ቀለም ይቀባል፣ ከሱቅ መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ መንገደኛውም ከፊቱ ቆሞ ይስቃል። በቴዎድሮስ ዘመን ይህን ሥራ የወረሰው ፐንች የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ነበር። ዋና ሠዓሊው ጆን ቴኒየል ነው።

ቴዎድሮስን የለንደን መሳለቂያ ያደረጋቸው መልስ ያጣው የ1862 (እ.ኤ.አ.) ደብዳቤ ነው። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ዝም ሲባሉ የብሪታንያውን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ከዚያ በኋላ የለንደን ጋዜጦች ሥዕል ፈለጉ፤ ከሕይወት የተሣለ ግን እጃቸው ላይ ብዙ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ ደጋግሞ የታተመው ንጉሡን በለመዱ አንበሶች መካከል የሚያሳየው የፈረንሳዊው ሌዣን ምስል ነው። ሌዣን ራሱ በንጉሡ ትእዛዝ በሰንሰለት የታሰረ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ፐንችም በ1867 እና 1868 እ.ኤ.አ. የሐበሻን ጉዳይ መሳለቂያ አደረገው። በየካቲት 1868 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝሬሊም ከሽሙጡ አላመለጠም፤ ግንባሩ ላይ የተጠመጠመችው ቁንጮ ለካርቱን ሠዓሊ ትርፍ ነበረች። በጥር 1869 እ.ኤ.አ. ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት ባለቀለም የፖለቲከኞች ሥዕሉን የጀመረው በእሱ ነው፤ ሠዓሊው በኋላ «ኤፕ» በሚል ስም የታወቀው ካርሎ ፔሌግሪኒ ነበር። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ዲዝሬሊ ሥዕሉን አይቶ በፓርላማ መልስ መስጠት ይችላል፣ ቴዎድሮስ ግን የተሣሉትን የማየት ዕድል አልነበራቸውም።

ፊታቸው በቅርብ የተሣለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ነው። እስረኞቹን ለማስፈታት ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ አስከሬኑን ተመልክቶ ፊታቸውን ነደፈ። ይኸው ሰው የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ የነበረውን፣ በንጉሡ አልጋ ራስጌ የተሰቀለውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አደረገ፤ ለዓመታትም ከዓለም ዓይን ሰወረው። የሰባት ዓመቱ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ደግሞ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ።

አገር ቤት ያሉ ሠዓሊዎች ንጉሡን የሣሏቸው ቆይተው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሹሩባቸው ተጎንጉኖ፣ ሽጉጣቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው። እውነተኛው ሹሩባ ግን ከአስከሬኑ ላይ ተቆርጦ ለንደን ገብቶ ነበር። የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሁለት ጉንጉን ጸጉር ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ጸጉሩን በ1959 እ.ኤ.አ. ለሙዚየሙ የሰጡት፣ ንጉሡን ከሞቱ በኋላ አልጋቸው ላይ የሣላቸው ሠዓሊ ዘመዶች ነበሩ።